ሽማግሌዎች ያስታረቁት ፊልም

ከሚሴ ውስጥ ፊልም ተሠርቶ ያውቃል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ተሠርቷል፤ ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አላየነውም ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ከከተማችን ሰው በቀር ያየው የለም። ፊልሙ ስለ ቡጢ ነው። የድሮ ዘመን ቡጢ፤ ጓንት የለ፣ ዳኛ የለ፣ ሁለት ሰው ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ በባዶ እጁ የሚነራረትበት። አሁንም ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ብቻዬን ስስቅ ደንበኞቼ "ምን ነካት?" እያሉ ይተያያሉ።

ዳይሬክተሩ የሰፈራችን ልጅ ነው። እንጀራው ሰርግ መቅረጽ ነው። "ሰው ሥጋ ሲጎርስ እየቀረጽኩ ዕድሜዬ አለቀ" ብሎ አንድ ቀን ቆርጦ ተነሳ። ታሪኩን ራሱ ጻፈው። በድሮ ጊዜ በጨፋ ሸለቆ ሁለት ጎረምሶች በግጦሽ መስክ ይጣላሉ፤ አገሩ ደም እንዳይፈስ ብሎ ዱላቸውንም ጩቤያቸውንም ያስጥላቸውና በቡጢ ይለያቸዋል፤ ያሸነፈ መስኩን ይወስዳል። እናቴ ይህን ስትሰማ "የኛ አባቶች ዱላ እያለላቸው በቡጢ ምን አደከማቸው?" አለችው። "እማማ፣ ፈጠራ እኮ ነው" አላት። "ውሸት ነው በለኛ!" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ለቡጢው ሁለት ግዙፍ ሰው አስፈለገው። ግዙፍ ሰው ሞልቶናል፤ ግን አንዱ ካሜራ ሲያይ ይስቃል፣ አንዱ ይደርቃል። በመጨረሻ ባለቤቴን ጠየቀው። ባለቤቴ ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ባጃጇን የለበሳት እንጂ የተቀመጠባት አይመስልም። "የልጅ አባት ልሆን ነው፣ ፊልም ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ!" አለ። ዳይሬክተሩም "ተጋጣሚህ እኮ…" ብሎ የወንድሜን ስም ሲጠራለት፣ "መቼ ነው የሚጀመረው?" አለ። ወንድሜ ደግሞ ከብት ነጋዴ ነው፤ ከበሬ ሌላ ወሬ አይሰማም። እሱም ተጋጣሚውን ሲያውቅ "የምመታው እሱን ከሆነማ በነጻ እመጣለሁ" አለ። እከፍልሃለሁ ያለውም አልነበረም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አባታችን ቀድሞ ስላለፈ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። ከሰርጌ ቀን ጀምሮ ግን እሱና ባለቤቴ አይነጋገሩም። ያን ቀን እንግዳ በዝቶ ውሃ አለቀና ወንድሜ በርሜል ጭኖ ውሃ ሊያመጣ ወጣ። እሱ ሳይመለስ የሙሽራው አጃቢዎች "መሸ፣ መሸ" ብለው እኔን ጭነው ሄዱ። ለመልስ ስንመጣ ወንድሜ ከጓዳ ሳይወጣ ቀረ። ባለቤቴም "ደጃፉ ላይ እንደ ለማኝ ገተረኝ፤ ወላሂ ሁለተኛ እግሬ እዚያ ቤት አይረግጥም" ብሎ ማለ። ወንድሜም እኔ ቤት ዝር አላለም። ሰፈሩ ሁሉ ኩራት ነው አለ። እኔም ኩራት ነው ብዬ ነበር፤ መቼም ሁለቱም ኩራት አያንሳቸውም።

ይታረቁ እንዳይባል ደግሞ፣ ማን ተጣላ! ባለቤቴን "ምነው ከወንድሟ ጋር?" ሲሉት "ምን ሆንን? ሰላም ነን" ይላል። ወንድሜንም ሲጠይቁት "አልሀምዱሊላህ፣ ምንም የለም" ይላል። አልተጣላንም ያለን ሰው ምን ብለው ያስታርቁታል? የሰፈር ሽማግሌ ሁሉ ሞክሮ ሞክሮ ተወው።

በዚህ መሐል እኔ አረገዝኩ። መውለዱስ ጤና ጣቢያ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ተወልዶ የሚታረሰው ግን እናት ቤት ነው። የእናቴ ቤት አባወራ ወንድሜ ነው። ባለቤቴ እዚያ ላይገባ ምሏል። ታዲያ ልጄን አባቱ በአጥር ላይ አንጋጦ ሊያየው ነው? እኔ ቤት ልታረስ ብል ደግሞ አጎትየው አይመጣም። ሆዴ በገፋ ቁጥር ጭንቀቴም አብሮ ይገፋ ነበር። ጎረቤቶቼ "አብሽሪ፣ ልጁ ሲመጣ ያስታርቃቸዋል" ይሉኛል። ያልተወለደ ልጅ ላይ ይኼን ሁሉ ሥራ መጫን ምን የሚሉት ነው!

ልምምዱ ቦርከና ወንዝ ዳር ነበር። ዳይሬክተሩ የውሸት ቡጢ አስተማራቸው፤ እጅ አገጩን ሳይነካ ያልፋል፣ ተመቺው ራሱን ያዞራል። "ድምፁን በኋላ አስገባዋለሁ" አላቸው። ችግሩ፣ ቡጢ የሚማማሩት ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም። ወንድሜ ወደኔ ዞሮ "ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ግራ እጁን ዝቅ ያድርግ" ይላል። ሰውዬው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። ባለቤቴ ደግሞ ለዳይሬክተሩ "በልልኝ፣ እሱ እግሬን እየረገጠኝ ነው" ይላል። እኔና ዳይሬክተሩ በመሐላቸው ስንመላለስ ዋልን። እነሱ ደግሞ፣ አላህ ይይላቸውና፣ ደስ ብሏቸዋል! ባለቤቴ ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ቡጢ ሲሰነዝር አየዋለሁ። የምጠላው ነገር ቢሆንም ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

የኔ ሥራ ዘመኑን መጠበቅ ነበር። ሽርጥ ሰፋሁ፣ ቡልኮ ተዋስኩ፣ የላስቲክ ቁልፉን ሁሉ በጠስኩ። "ሰዓት አውልቁ! ከሽርጡ ሥር ጂንስ ያለ ማነው?" እያልኩ ስጮኽ ድምፄ ተዘጋ። አንዴ ቀኑን ሙሉ ስንቀርጽ ውለን ዳይሬክተሩ ማታ ቢያየው፣ በጥንቱ ዘመን መስክ ላይ፣ ከበሬዎቹ ኋላ፣ ባጃጅ ቆማለች። የባለቤቴ ባጃጅ! ራሱ ነው ያቆማት። "ጥላ ስላገኘሁ ነው" አለ።

የትልቁ ቡጢ ቀረጻ ሰንበቴ ከተማ፣ ገበያ ላይ ሆነ። ዳይሬክተሩ በሕዝብ መሐል ነው የፈለገው፤ ሰንበቴ ደግሞ በገበያ ቀን ከአፋር ግመል ይዞ የወረደው፣ ከደጋ በግ ይዞ የመጣው፣ ሁሉም አለ። ችግሩ፣ ካሜራ ያየ ሰው ሁሉ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ስለዚህ ካሜራው አህያ ጋሪ ላይ፣ ገለባ ውስጥ ተቀበረ፤ ካሜራውን የሚያነሳው ቀራጭም ከጎኑ ተጋደመ። "ፈቃድ አለን ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ባህል ቢሮው ያውቃል" አለኝ ዳይሬክተሩ። ቢሮው ያውቃል፤ ለገበያው ግን ማን ይንገረው!

ሁለቱ ሽርጣቸውን አሸርጠው ፍየል ተራው ጋ ገጠሙ። እኔ የተረፈውን ልብስ ተሸክሜ፣ መርፌ በከንፈሬ ይዤ ቆሜያለሁ። "መስኬን ልቀቅ!" አለ ወንድሜ። "አለቅም!" አለ ባለቤቴ። የመጀመሪያው ቡጢ በአየር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ከዚያ ጧ! ሲል ሰማሁ። ያ ረቢ! ድምፁ በኋላ ነው የሚገባው አልተባለም እንዴ? ባለቤቴን ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ ይደማል። ቀጥሎ የወንድሜ አገጭ ጧ! አለ።

ገበያው ተገለበጠ። "ኡኡ! ተጋደሉ!" አሉ ሴቶቹ። በኦሮምኛ "ዲሳ! ዲሳ!" እያለ፣ በአማርኛ "ተዉ! ተዉ!" እያለ፣ ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አንድ ግመል ነጂ ወንድሜን ከኋላ አቅፎ አነሳው፤ ያንን የሚያህል ሰው! አንዲት ቅቤ ሻጭ ቅቤዋን ጥላ ባለቤቴ ደረት ላይ ተለጠፈች። "ሰሉ ዐለ ነቢ! ሸይጧንን ርገሙ!" ይላል ሁሉም። ዳይሬክተሩ "ፊልም ነው! ትወና ነው!" እያለ ይጮኻል፤ ማን ሰምቶት። ወደ ጋሪው ዞር ብል ቀራጩ የለም። የት ሄደ ብትሉ፣ ካሜራውን ትቶ ሊገላግል ገብቷል! በኋላ ስንወቅሰው "ሰው ሲደባደብ ተጋድሜ ልይ?" አለ። እውነቱን ነው፣ ምን ይደረግ።

ሁለቱን እየጎተቱ ዋርካው ሥር አስቀመጧቸው። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ነጭ ጺም ያላቸው አንድ አባት ዱላቸውን በሁለቱ መሐል አጋደሙና "አኡዙ ቢላህ በሉ" አሉ። ሁለቱም ተከትለው አሉ። ዳይሬክተሩ ሰው ጥሶ ገባ።

"አባባ፣ ይህ ፊልም ነው። የእውነት አልተጣሉም።"

"ደሙስ?"

"ደሙ… ደሙ የእውነት ነው።"

"አንተ ማነህ?"

"ዳይሬክተር ነኝ።"

"ምንድነው ሥራህ?"

"እኔ ነኝ እንዲህ በሉ፣ እንዲህ ተማቱ የምላቸው።"

አባትየው ወደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዞሩ። "ሰማችሁ? አጣዪው ተገኘ" አሉ። "ና፣ አንተም ተቀመጥ!"

ተቀመጠ! ሦስተኛ ተከሳሽ ሆኖ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ በሁለቱ ግዙፎች መሐል እንደ ጫጩት ኩርምት አለ። እኔ መርፌውን ከአፌ አወጣሁ፤ በሳቅ ልውጠው ነበር።

"የጠባችሁ ነገር ምንድነው?" ተባሉ። ባለቤቴ ፈጠን ብሎ ያጠናውን አወረደው፦ "መስኬን ቀማኝ።" ይሄኔ ተዉት፤ የከብት ሰዎች ፊት መስክ ይጠራል? "የቱ መስክ? ከቦርከና ወዲህ ነው ወዲያ? ወሰንተኛህ ማነው?" በጥያቄ ሲያጣድፉት "ጨፋ ነው" አለ። አንዱ ሽማግሌ "እኔ የጨፋ ሰው ነኝ፤ እዚያ አንተ የምትለው መስክ የለም" አሉ። ባለቤቴ ዳይሬክተሩን አየው፤ ዳይሬክተሩ መሬት መሬት አየ።

አባትየው ወደ ወንድሜ ዞሩ። "አንተ ነህ መጀመሪያ የመታኸው። በአላህ ስም እጠይቅሃለሁ፤ ምን በደለህ?"

ወንድሜ አፉን ከፈተ። "መስኬን" ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ግን በአላህ ስም ተጠይቆ ወንድሜ ይዋሻል እንዴ! አፉን መልሶ ዘጋ። አቀረቀረ። ፍየሎቹ ብቻ ናቸው የሚጮኹት።

"እህቴን ሳልሰናበታት ወሰዳት" አለ።

እጄ ላይ የነበረው ልብስ ወደቀ።

"በእጄ ያሳደግኳት ናት። ውሃ ላመጣ ሄጄ ስመለስ የለችም። ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም" አለ። "ለመልስ ሲመጡ ያልወጣሁት ስለናቅሁት አይደለም። እያለቀስኩ ነበር። እያለቀስኩ እንግዳ ፊት ልውጣ?"

እኔ፣ እህቱ፣ ኩራት ነው ብዬ አልነበር! ባለቤቴ ደግሞ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ከንፈሩ አብጦ ስለነበር መልኩ ያስቅ ነበር፣ ግን የሚስቅ አልነበረም። ቀስ ብሎ "እኔ እኮ አላወቅኩም" አለ። "እቤት ያለ መስሎኝ ነው። ሂድ ሂድ ሲሉኝ ሄድኩ። ደጅ ሲያቆመኝ የናቀኝ መሰለኝ።"

"እህት የተባለችው የታለች?" አሉ አባትየው።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ሰው ገለል አለልኝና ሆዴን ይዤ ወደፊት ወጣሁ። አባትየው ከላይ እስከታች አዩኝና ዱላቸውን አንስተው ሁለቱንም ጭናቸው ላይ ቸብ ቸብ አደረጓቸው። "ይህን የመሰለ ጸጋ መሐላችሁ ቆሞ! አታፍሩም!" አሉ። እኔ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። "ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ልጅቱን ወደ እናቷ ቤት ትመልሳታለህ። ወንድሟ አውጥቶ፣ መርቆ፣ በእጁ ይሰጥሃል። በደሉ በተሠራበት መንገድ ነው የሚካሰው። አንተም" አሉት ወንድሜን፣ "ስትመታው ለፈሰሰው ደም ይቅርታ ትጠይቃለህ።" ይቅር ተባባሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ዳይሬክተሩም የሁለቱንም ጉልበት ሳመ፤ ምን ምርጫ አለው! ከዚያ ዱዓ ሆነ። "ከዛሬ ጀምሮ እጃችሁ እርስ በርሱ አይነሳ!" አሉ አባትየው። "አሚን!" አለ ሕዝቡ። "አሚን" አሉ ሁለቱ። ከሁሉም በኋላ አንዲት ቀጭን "አሚን" ሰማሁ፤ የዳይሬክተሩ ናት። ፊልሙ መሞቱ የገባው ያኔ ነው።

የተቀረጸውንማ ማታ አየነው። ሁለት የአየር ቡጢ አለ፤ ከዚያ ጋሪው ተገፍቶ ኖሮ ካሜራው ዞሯል፤ የተረፈው የአንድ ፍየል ጎን ነው። ድምፁ ግን አለ፤ "ኡኡ" ይላል፣ "ዲሳ" ይላል፣ ፍየሏ ታመሰኳለች። ዳይሬክተሩ በማግስቱ ሁለቱን ለመናቸው። "እባካችሁ፣ በውሸት ብቻ፣ ሳትነካኩ!" ወንድሜ "አሚን ብለናል" አለ። "አየር ነው እኮ የምትመቱት!" "አየሩን ሳይ የሱን ፊት ነው የማየው፤ አይሆንም" አለ ባለቤቴ። ስለዚህ ፊልሙ እንደዚያው ወጣ። ከሚሴ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ፍየሏ ላይ ሲደርስ ሕዝቡ "ቡጢው የታለ?" ብሎ ጮኸ። ያን ቀን ሰንበቴ የነበሩት ተነሥተው የቀረውን በአፋቸው ተረኩት፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። ከፊልሙ የሚበልጥ እሱ ነበር።

ወደ ፍርዱ ዓርብ ልመልሳችሁ። እናቴ ቤት ገባሁ። የሙሽራ ቀሚሴን ጎንና ጎኑን ተርትሬ አሰፋሁት፤ ከራሴ በቀር ማን ይሰፋልኛል! ሰፈርተኛው ከበሮ ይዞ መጣ። "ሙሽራዋ ምነው ቸኮለች?" እያሉ ሆዴን እያዩ ሲሳሳቁ እኔም አብሬ እንከተከታለሁ። ባለ ነጭ ጺሙ አባት ፍርዳቸው መፈጸሙን ሊያዩ ከሰንበቴ ድረስ በሚኒባስ መጡ። ባለቤቴ ባጃጇን በአበባ አንቆጥቁጦ ደጅ ቆመ። ሲገባ እናቴ እልል አለች፤ ያን ቤት ከረገጠ ስንት ጊዜው!

ወንድሜ እጄን ይዞ አወጣኝ። ነጭ በነጭ ለብሷል። ለምርቃቱ ሲዘጋጅ እንደሰነበተ እናቴ ነግራኛለች፤ በሬዎቹ ጋ ቆሞ ብቻውን ሲያነበንብ አይታዋለች። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣውም። "መርቅ እንጂ!" ይሉታል ከኋላ። ባጃጇ ውስጥ ደግፎ አስገባኝ፤ የቀሚሴን ጫፍ ጎማው እንዳይዘው አጣጥፎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ለባለቤቴ "ቀስ ብለህ ንዳ" አለው።

"እሺ" አለ ባለቤቴ።

እንዴት ቀስ አለ መሰላችሁ! እንጨት የጫነች አህያ ቀደመችን። የደሴ መኪኖች ከኋላ ክላክስ ያቀልጡታል፤ ባለቤቴ ንቅንቅ አይልም። ወንድሜ የባጃጇን ብረት እንደያዘ ከጎኔ ይራመዳል። ተሰናብቶ ሊመለስ ነበር፤ ግን ገና አልጨረሰም።

"ውሃ ላመጣ ነበር የሄድኩት" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"በርሜሉ እስኪሞላ ነው የቆየሁት።"

"አውቃለሁ፣ ወንድምዬ።"

ትንሽ ሄድን። "ደህና ሁኚ ልልሽ ነበር" አለኝ። ትንሽ ሄድንና ደግሞ "ደህና ሁኚ" አለኝ። ቀጥሎም ስለ ልጅነቴ አነሳ፤ ገበያ ሲሄድ ትከሻው ላይ ተቀምጬ ጆሮውን እንደ ልጓም እይዘው እንደነበር ነገረኝ። እኔ ስስቅ እሱ ሲያለቅስ፣ እሱ ሲስቅ እኔ ሳለቅስ፣ ባጃጇ ቆመች። ወንድሜ ቀና አለና ያለበትን አየ። የኔ ቤት በር ላይ ነው።

ዘወር ሊል ሲል ባለቤቴ ወርዶ ክንዱን ያዘው። "ወዴት? ቤትህ ነው፣ ግባ" አለው። "ከንፈርህ ዳነ?" አለው ወንድሜ። "ኧረ የአንተ አገጭ!" አለው ባለቤቴ። እንዲህ እየተባባሉ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ፣ በሩን አልፈው ገቡ።

እኔን ረሱኝ። ሙሽራዋን ከነሆዷ፣ ከነአበባው፣ ባጃጅ ውስጥ! ብቻዬን መውረድ አልችልም። ልጣራ አፌን ከፈትኩና ከውስጥ ሁለቱ ሲስቁ ሰማሁ። አፌን ዘጋሁ፤ እንባዬ በሙሽራ ቀሚሴ ላይ እየወረደ፣ እንዳይሰሙኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።